ከአርማታው በፊት የነበሩት ልጆች፦ የአዲስ አበባ ስኬትፓርክ ታሪክ



ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስኬትቦርድን ታውቋታላችሁ። ባለ አራት ጎማዋ ሳንቃ ናት፤ ሌሊት ኮሪደር ላይ ተጥላ እግራችሁን የምትመታችሁ። እዚህ ፔታ ቲክቫ ማታ ማታ ከማትናሱ ደጃፍ ወይም ከመኪና ማቆሚያው ድምጿ ይሰማል። ጎረቤት በመስኮት ይጮኻል፣ ልጆቹ ተነሥተው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ እዚያም ሌላ ጎረቤት አለ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ለዚህች ሳንቃ ተብሎ ስለሚሠራው ሜዳ፣ ስኬትፓርክ ስለሚባለው ነው። ከየት መጣ? አዲስ አበባስ ላይ እንዴት ተሠራ? «አዲስ አበባም አለ እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ እንጂ። ከ2016 ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ካሊፎርኒያ ነው። በ1950ዎቹ የባሕር ሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ሞገድ በሌለ ቀን ሳንቃ ላይ ጎማ እየገጠሙ አስፋልት ላይ ይጫወቱ ነበር። ያኔ ጎማው ብረት ወይም ሸክላ መሰል ነገር ስለነበር ትንሽ ጠጠር ካገኘ ልጁን በግንባሩ ይደፋዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የሚባል ሰው ከዩሪቴን የተሠራ ጎማ አመጣ። ዩሪቴን ፕላስቲክ መሰል ነው፤ መሬቱን ይይዛል። ጨዋታው ያን ጊዜ ተለወጠ። ቀጥሎ በ1976 እና በ1977 ካሊፎርኒያን ድርቅ መታት፣ የሀብታሞች መዋኛ ገንዳዎችም ባዶ ቀሩ። ልጆቹ አጥር ዘለው ገቡና በገንዳው ጥምዝ ግድግዳ ላይ መውጣትና መውረድ ጀመሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ስኬትፓርክ ውስጥ የምታዩት ጎድጓዳ ነገር ሁሉ የዚያ ባዶ ገንዳ ልጅ ነው።

በ1976 በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ ፓርኮች ተከፈቱ። የግል ነበሩ፣ መግቢያ ያስከፍሉ ነበር። ብዙም አልቆዩም። ልጅ ይወድቃል፣ እጁ ይሰበራል፣ ወላጅ ይከሳል፣ የኢንሹራንሱ ዋጋ ሰማይ ይነካል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብዛኞቹ ተዘግተው ነበር፤ በዶዘር የተደመሰሱም አሉ። ልጆቹ ግን አልጠፉም፣ ወደ ጎዳና ወጡ እንጂ። ከዚያ በኋላ ነው «እዚህ አትጫወቱ» የሚለው ምልክት በየደረጃው የበዛው።

ለኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ቦታ በርንሳይድ ነው። በ1990 በኦሬጎን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ በርንሳይድ ከሚባለው ድልድይ ሥር፣ ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ ቦታ ነበር። ጥቂት ወጣቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ ሲሚንቶ አቡክተው ከድልድዩ ግድግዳ ሥር ትንሽ ጥምዝ ነገር ሠሩ። ቀጥለው ሌላ ጨመሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ ነገር ግን አካባቢው ሲጸዳና ሰው ሲውልበት ስላየ ተወው፣ በኋላም ተቀበለው። ዛሬ ዓለም ላይ ስኬትፓርክ ከሚሠሩት የታወቁ ባለሙያዎች መካከል ሲሚንቶ ማቡካትን የተማሩት እዚያ ድልድይ ሥር ነው። የምሕንድስና ዲግሪ አልነበራቸውም። ያላቸው እውቀት ጎማው የት እንደሚይዝና የት እንደሚጥል ነው።

ከዚያ የካሊፎርኒያ ሕግ መጣ። በ1997 ወጥቶ በ1998 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ስኬትቦርድን አደገኛ ጨዋታ ነው ብሎ መዘገበ። ስድብ ይመስላል፣ ግን ውለታ ነበር። ያኔ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ በሕዝብ ስኬትፓርክ ውስጥ ሲጫወት ቢጎዳ፣ ሕጉ የጠየቀው ሁሉ እስከተሟላ ድረስ ከተማው በቀላሉ አይጠየቅም ማለት ነበር። ይህ ፍርሃት ሲቀንስ ከተሞች በነጻ የሚገባባቸውን ፓርኮች መሥራት ጀመሩ። አንዳንድ ጊዜ ከአርማታው በፊት መፍረስ ያለበት ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከፓርኩ በፊት ልጆቹ ነበሩ። ይህን አስምሩበት፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። የስኬትቦርድ ሱቅ በሌለበት አገር አንዲት ሳንቃ ለብዙ ልጆች በተራ ትደርስ ነበር። አንዱ ይወጣል፣ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ይወድቃል፣ ሳንቃዋ ለሚቀጥለው ታልፋለች። ጎማ ካለቀ መለወጫ የለም። አዲስ የሚመጣው ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው። እስራኤል ደጀኔ የሚባል ወጣት መጋቢ-ስኬት በሚል ስም ሕፃናትን በዚህ ጨዋታ ዙሪያ ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ስሙ ደስ ይለኛል፦ መጋቢ። በሌላ በኩል አቤኔዘር ተመስገን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅና ሾን ስትሮምሶ የሚባል ከካሊፎርኒያ የመጣ ወጣት ፎቶ አንሺ ተገናኙ፤ ኢትዮጵያ ስኬት የሚባለውን ስብስብ መሠረቱ። ሳንቃ ያሰባስባሉ፣ ለልጆች ያካፍላሉ፣ ያለማምዳሉ። ቦታ ግን አልነበራቸውም። አስፋልቱ የመኪና ነው፣ የሕንፃው ደጃፍ የዘበኛው ነው።

ሦስተኛው ወገን ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የሚባል ድርጅት ነው። መሥራቹ አርነ ሂለርንስ ይባላል። ሥራቸው ፓርክ በሌለበት አገር ሄደው ከዚያው ልጆች ጋር በነጻ የሚገባበት ፓርክ መሥራት ነው። ከኢትዮጵያ በፊት በሕንድ ባንጋሎር፣ በቦሊቪያ ላፓዝ፣ በዮርዳኖስ አማንና በበርማ ያንጎን ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች ተቋራጭ ቀጥረው ሪባን ለመቁረጥ የሚመጡ አይደሉም። ከብዙ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ተጫዋቾች፣ ከአገሬው ወጣት ጋር አብረው አካፋ ይይዛሉ። በሚያዝያ 2016 በአንድ የመንግሥት ወጣት ማዕከል ግቢ ውስጥ የአዲስ አበባው ስኬትፓርክ ተጠናቀቀ። በአገሪቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው የአርማታ ስኬትፓርክ ነው።

ሥራው እንዴት ነው ለምትሉ፣ በተለይ በግንባታ ለሠራችሁ አባቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ጥሩ ሊሾ የሚያወጣ ግንበኛ ጠፍጣፋ ወለል ያውቃል። ስኬትፓርክ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። መጀመሪያ አፈሩ ተጠቅጥቆ የጥምዙን መልክ ይይዛል። ቀጥሎ ከጣውላ ክብ ቅስት ይቆረጣል፣ በየተወሰነ ርቀት ይቆማል፣ በመካከሉ ፌሮ ይታሠራል። አርማታው ሲፈስ ወፈር ያለ መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ከግድግዳው ተንሸራቶ ታች ይከማቻል። ከዚያ ረጅም ጣውላ በሁለቱ ቅስቶች ላይ እየተጎተተ ትርፉ ይላጫል፣ በግንበኛ ማንኪያም ደጋግሞ ይለሰልሳል። ይህን የሚሠራው ሰው ጥምዙ ላይ በገመድ ወይም በሳንቃ ተንጠልጥሎ ነው። በግድግዳው አፍ ላይ የብረት ቱቦ ይቀበራል፤ ከአርማታው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ ይላል። ካነሰ ልጁ አይሰማውም፣ ከበዛ ጎማውን ያስቆመዋል።

ጎማው ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ደግሞም ጠንካራ ነው። ስለዚህ ለእግረኛ ምንም ያልሆነች ስንጥቅ ለእርሱ ገደል ናት። በአርማታና በአርማታ መካከል ያለው መጋጠሚያ ከፍ ዝቅ ካለ አፍንጫ ይሰበራል። ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ ከተረሳ ጎድጓዳው ክረምት ላይ የትንኝ ኩሬ ይሆናል። አርማታውም ለቀናት ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ይህን ማንም ግንበኛ ያውቃል። ከሁሉ ግን የሚበልጠው አቀማመጡ ነው፦ አንዱ ወርዶ ሌላው ጋ ሲደርስ ስንት እርምጃ አለው? ሁለት ልጆች የት ይጋጫሉ? ጀማሪው የት ይቆማል? ይህን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያውቅ መሐንዲስ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ተጫዋቹ ከንድፉ ጀምሮ መኖር ያለበት።

የእጅ ሥራ ለእኛ ወገን ባዕድ አይደለም። የጎንደርን ግንብ ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል አባቶቻችን እንደነበሩ በታሪክ ይነገራል። የሠራው እጅ ግን ሲናቅ ኖሯል፤ ይሄን አያቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

የአዲስ አበባው ፓርክ ከተከፈተ በኋላ ነገሩ በዚያ አልቆመም። ሁለተኛ ፓርክ ሐዋሳ ላይ ተሠራ። በአዲስ አበባ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን አንዳንድ አስፋልቶች ለመኪና ሲዘጉ ባለ ጎማ ጫማና ባለ ሳንቃ ልጆች መሐል መንገዱን ይዘው ይታያሉ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ በ2020 የተጀመረው ነው። ሶሲና ቻላ የምትባል ወጣት ከሚኪ አስፋው ጋር የኢትዮጵያ ሴት ስኬተሮችን ስብስብ መሠረተች። ሴት ልጅ አደባባይ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ «ምን ነካሽ?» የሚል ሰው በበዛበት አገር ቀላል አይደለም። ሴቶቹ የራሳቸው ሰዓት ወስደው እዚያው ፓርክ ላይ ይለማመዳሉ፣ አንዷ ሌላዋን እጇን ይዛ ታወርዳለች። አርማታው በ2016 ሲፈስ ይህን ማንም በንድፉ አልሳለውም።

ፓርኩ በተከፈተበት በዚያው 2016 እዚህ እስራኤል ውስጥ የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርቱን አቀረበ። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረችው ኤሚ ፓልሞር የመራችው ኮሚቴ፣ በኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ላይ ስላለው ዘረኝነትና በወጣቶቻችን ላይ ስለበዛው የፖሊስ ቁጥጥር የጻፈው ማለት ነው። ሁለቱን ያጣመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኛ ልጅ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይባላል። ስኬትፓርክ ውስጥ ግን መልሱ እግሩ ሥር ናት። ይህ ፖሊስን አይለውጥም፣ ሪፖርቱንም አይተካም። ልጁ ግን ሳይጠየቅ የሚቆምበት ቦታ ያገኛል፤ ጎኑም የሌላ ሽኩና ልጅ፣ ሩሲያዊው፣ የመናዊው፣ ተራውን ሲጠብቅ ይቆማል። ተራ የሚሰጠው ደግሞ ለቀለም አይደለም፣ ለደፋር ነው።

በአገራችን ኢሪያዎች አንዳንዴ የሚያደርጉትም አለ፦ ከካታሎግ የተመረጡ ሦስት የብረት መወጣጫዎች ያመጡና አስፋልት ላይ ያሥራሉ። ፈጥኖ ያልቃል፣ ርካሽ ነው፣ ፎቶም ይነሣበታል። ግን ብረቱ ይንጫጫል፣ ብሎኑ ይላላል፣ በነሐሴ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል። ከዚያ ልጆቹ ይተዉታል፤ «አየህ፣ ሠራንላቸው አልተጠቀሙበትም» ይባላል። ስለዚህ በዮሴፍታል ይሁን በአሚሻቭ ወይም በሌላ ሽኩና ስለ ወጣቶች ቦታ ስብሰባ ሲጠራ፣ እናቶችና አባቶች፣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ጥያቄው ስንት ሼቄል ወጣ ብቻ አይደለም። ጥላ አለው ወይ? ማታ መብራት አለው ወይ? ከአውቶቡስ ማቆሚያ ስንት ደቂቃ በእግር ነው? ሴት ልጅ መሽቶባት ብቻዋን ትመለስበታለች ወይ? ንድፉን የሣለው ሰው ከልጆቹ አንዱን እንኳ አነጋግሯል ወይ? ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ልጁን ራሱን ይዛችሁ ግቡ፤ ሳንቃዋንም ይያዝ።