ጓሳን የጠበቀው ማን ነበር?

መንዝ ያደርኩበትን የመጀመሪያ ሌሊት የማስታውሰው በብርዱ ብቻ አይደለም፤ በእሳቱም ጭምር ነው። ያሳደሩኝ እናት ከምድጃው ዳር የተከመረውን ቁጥቋጦ እየሰበሩ ይማግዱ ነበር። ምንነቱን ብጠይቃቸው፣ «ጨረንፌ ነዋ ልጄ! እሱ ባይኖር ይህን ቁር በምን እንችለው ነበር?» አሉኝ።

በማግሥቱ ጨረንፌን በቁሙ አየሁት። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውርጫማ አምባ ነው። በሣሩ መካከል ጨረንፌ ብጫ አበባውን ደፍቶ ቆሟል። ቅጠሉ መርፌ ስለሚመስል ሊቃውንት በላቲን «ጥድ ቅጠል» የሚል ስም ሰጥተውታል። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር አገር የለውም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ጎረቤቶቹ ናቸው።

ይህ ሁሉ እንዴት ከምድጃ ተረፈ? መልሱ ቄሮ የተባለው ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች በ17ኛው መቶ ዓመት እንደመሠረቱት ይነገራል። ባለመብቶቹ በአጥቢያቸው ተደራጅተው አፈሮ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ሣር ይታጨዳል፣ ማገዶ ይለቀማል፤ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ ዳግም ይዘጋል። ክልከላውን የጣሰ ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበት ነበር።

ይሁንና አንባቢ ሆይ፣ ያለፈውን ሁሉ አናሞግስ። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆነ ብቻ ነበር፤ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የዘር አጥሩ ፈረሰ። ለተገፋው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከአጥሩ ጋር ጠባቂውም ሄደ፤ ሁሉም ገባ፣ ሁሉም አጨደ፣ ሁሉም ቆረጠ።

ኋላ ነዋሪው ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ፤ በ2004 ዓ.ም የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው። አሁን ዘር አይጠየቅም።

ለእኔ ግን የዚያች ሌሊት ጥያቄ አልተመለሰም። ጓሳ ሲዘጋ የእማማ ምድጃ በምን ይነዳል? የጥንቶቹ ይህን በመክፈቻው ቀን መልሰውታል። ሕጋችንም ከዘበኛው እኩል የመክፈቻውን ቀን ካላሰበ፣ ጨረንፌ በሌሊት መቆረጡ አይቀርም።