ከይፋግ ወይን እስከ ጅጣ ገደል

ከጣና በስተምሥራቅ ካለው የይፋግ ሜዳ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ፣ በወረታ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ፣ የጉናን ተራራ ትከሻ ታክኮና ጋይንትን አቋርጦ ጨጨሆን ከተሻገረ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ ከዋድላ አፋፍ ደርሶ የጅጣን ወንዝ ገደል ቁልቁል ለማየት ይችላል። ለመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህንኑ ገደል ተሻግረው መቅደላ እስኪደርሱ ግን አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ መስመር ጎብኚ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ዘወትር የሚያሳየው ተራራውን፣ ፏፏቴውንና ገደሉን ነው። ማሳየቱም ተገቢ ነው፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነውን ጉናን ሳያይ ማለፍ ማንም አይገባውም። ነገር ግን መልክዓ ምድሩ የሰው እጅ ያላረፈበት ባዶ ሥፍራ ተደርጎ ሲነገር ከታሪኩ ዋናው ክፍል ይጎድላል። መስመሩ የሚጀምረው ገበሬ ተክሎት በነበረ፣ አሁን በሌለ የወይን ቦታ ነው። የሚያበቃው ደግሞ ሠራዊትና የአገር ሰው በድንጋይና በባሩድ በጠረቡት ቁልቁለት ላይ ነው።

ይፋግ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የታወቀ ገበያና የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበር። በአቅራቢያው ያለችው ቃሮዳ ደግሞ በወይኗ ትታወቅ ነበር። በ1760ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በኢትዮጵያ የወይን ጠጅ የሚሠራባቸውን ጥቂት ቦታዎች ሲጠቅስ አንዷን ቃሮዳ አድርጓታል። ወይን ለዚህ አገር ባዕድ ተክል እንዳልነበረ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። አባቶች የአገሩን አየር በከፍታ ሲከፍሉ ከደጋውና ከቆላው መካከል ያለውን ወይና ደጋ አሉት። በዚያ ከፍታ ላይ ጤፉም ማሽላውም በርበሬውም ይበቅላል፤ ለስሙ የተመረጠው ግን ወይን ነው። ዛሬ ወይና ደጋ የሚለውን ቃል በየትምህርት ቤቱ የሚያጠኑ ልጆች ከቃሉ ውስጥ ያለውን ተክል ለማየት ዕድል የሚያገኙት ከስንት አንድ ናቸው።

ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በይፋግ ያለፉ ተጓዦች የጻፉት በበሽታ ስለ ጠፋ ወይን ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1840ዎቹ ዓ.ም.፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሻጋታ በአውሮጳ የወይን ቦታዎች ላይ ወርዶ የፈረንሳይን ምርት አመንምኖ፣ የማዴራን ደሴት ባለወይኖች ለችግር ዳርጎ ነበር። በአውሮጳ ገበሬው በቅጠሉ ላይ ድኝ መንፋትን ተማረ፤ የወይን ቦታውም ቀስ በቀስ አገገመ። በቤጌምድር ግን ዘመኑ ለዚህ የሚያመች አልነበረም። ወይን ከተተከለ በኋላ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅን ይጠይቃል፤ ከ1834ቱ የደብረ ታቦር ውጊያ እስከ 1845ቱ የአይሻል ውጊያ በነበረው ጊዜ ደግሞ በዚህ አገር ሦስት ዓመት የሚጠበቅ ነገር ለመትከል የሚደፍር ገበሬ ማግኘት አይቀልም። ጦር ሲያልፍ እህል ይበላል፤ አጥሩ ይነቀላል፤ የጓሮ ዛፍ ለማገዶ ይቆረጣል። በሽታው ተክሉን ቢያደርቀው፣ ባለቤቱ መልሶ እንዳይተክለው ያደረገው የመሳፍንቱ ሽኩቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የቁርባኑ ወይን በዚህ አልተቋረጠም። ካህናቱ ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፈው፣ አሽተውና ጨምቀው ለቅዳሴ ያደርሱታል፤ ዘቢቡን የሚያመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የዛሬው የኢትዮጵያ የወይን እርሻም ከዚህ እጅግ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ይገኛል። የፎገራ ሜዳና ዙሪያው በበኩላቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዝርዕት አዙረዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች አማካይነት የተዋወቀው ሩዝ፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ወደ ምርት ለውጦታል። የወይኑ አገር የሩዝ አገር ሆኗል።

ከሜዳው ሲወጡ መጀመሪያ የሚገጥመው ርብ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይና የኖራ ድልድይ፣ ጎንደርን ከደቡቡ ያገናኝ ለነበረው መንገድ መሻገሪያ ሆኖ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከተማዋን የቆረቆሯት በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ዋና መቀመጫቸው አደረጓት። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት ግን ከቤተ መንግሥቱ የበለጠ የጎብኚን ጊዜ ልትወስድ ይገባታል። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡት እነ ዋልድማየርና እነ ዛልሙለር ወንጌል ለመስበክ ነበር የመጡት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉባቸው። መድፍ ማቅለጥ እንደማያውቁ ቢናገሩም አልተለቀቁም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገናም እየሞከሩ በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ ከተማ የተወሰደ ነው።

መድፉ ተሠራ። መድፉ የሚሄድበት መንገድ ግን አልነበረም።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በፊተኛው ዓመት ጎንደር ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ የቤጌምድር ገበሬም ሸፍቶ ከሠራዊቱ የተነጠለውን ሁሉ ያጠቃ ነበር። ይህ ሳይነገር የመንገዱን ሥራ ብቻ ማወደስ፣ የሠሩትንም ያለቁትንም መበደል ነው። ጉዞው በየዕለቱ የሚለካው በተጠረበው ድንጋይ ነበር። ቋጥኙ በባሩድ ይፈነዳል፤ ቁልቁለቱ ይደለደላል፤ ከዚያ በሠረገላ ላይ የተጫነው መድፍ ይሳባል። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት አምስት መቶ ሰው ያህል ያስፈልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ፊት ይቀድሙ እንደ ነበር አብረው የተጓዙት አውሮጳውያን መዝግበዋል። የዋልድማየርና የጓደኞቹ ስም በየመጽሐፉ ይነበባል፤ ጠፍሩን በትከሻው የሳበው ወታደርና ገበሬ በስም ሲጠራ ግን አይሰማም።

በጨጨሆ በኩል አልፈው፣ የዋድላን ሜዳ ተሻግረው ቤተ ሖር ሲደርሱ ከፊታቸው ጅጣ ተደቀነ፤ የውጭ ጸሐፊዎች ጂዳ የሚሉት ወንዝ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ ይወጣል። ደላንታን ከጨረሱ በኋላ የበሸሎ ገደል ይጠብቃል፤ እርሱም ከጅጣ አያንስም። ዛሬ አፋፉ ላይ የሚቆም ሰው የገደሉ ግድግዳ በደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ከሥር ሲሰማያዊ ሲያይ፣ ሰባት ቶን ብረት በዚያ መውረዱን ለማመን ያዳግተዋል። ሽቅብ መጎተቱ ጉልበት ነው። ቁልቁል ማውረዱ ግን ከዚያ የከበደ ነው፤ ከኋላ ይዞ የሚገታው ሰው አንድ ጊዜ እጁ ከዛለ ሠረገላውም መድፉም ሰውም ይሄዳልና። መቅደላ የተደረሰው በመጋቢት ነው።

የመንገዱ ዕጣ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው አሳዛኙ። ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ የትግራይንና የላስታን ደጋ አቋርጦ በመጋቢት መጨረሻ ዋድላ ሲደርስ፣ ጅጣን የሚሻገርበትን መንገድ ተሠርቶ አገኘው። ከሕንድ ድረስ የመጡት ዝሆኖች ከባዱን መሣሪያ ተሸክመው በቴዎድሮስ መንገድ ወረዱ። ከዘመቻው ጋር የነበረው የመልክዓ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም ሥራውን በአድናቆት ገልጾታል። ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ያሠሩት መንገድ ጠላታቸውን ወደ ምሽጋቸው አደረሰው። ናፒየር በሸሎን የተሻገረው ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት ነው፤ የአሮጌ ውጊያ የተደረገው በዚያው ቀን ነበር። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ወደቀች፤ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

የዛሬው መንገደኛ የሚሄድበት ዋና መንገድ ሌላ ነው። ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን ይህን መንገድ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቻይና መሐንዲሶችና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሠርተውታል፤ የአገሩም ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በክምር ድንጋይ በኩል ጉናን ታክኮ፣ በነፋስ መውጫ አልፎ፣ ጅጣን በቀኙ ትቶ በሸንተረሩ ላይ ይዘልቃል። ስለዚህ ገደሉን ለማየት የሚሻ ሰው ከጋሸና ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆን በኩል ወደ ዋድላ አፋፍ መምጣት አለበት። ብዙዎች ወደ ላሊበላ ስለሚቸኩሉ አይታጠፉም።

አስጎብኚው ግን ቢታጠፍ፣ ከአፋፉ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ቢያሳይ የሚሻለው ወንዙን አይደለም። ጣቱን በቁልቁለቱ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ በዚህ በኩል ወረደ፣ በዚያ በኩል ወጣ ብሎ ይጠቁም፤ ጎብኚውም አምስት መቶ ሰው በአንድ ጠፍር ላይ ተሰልፎ ይቁጠር። ሴባስቶፖል ራሱ ከዚያ ማዶ፣ መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው። እንግሊዞቹ ከመቅደላ የብራና መጻሕፍቱን፣ ዘውዱንና ጽዋውን ጭነው ሲመለሱ፣ መድፉን እዚያው ትተውት ሄደዋል።