ዚዩጋኖቭ ቢያሸንፍ ኖሮ ጋይንት ምን ይቀየር ነበር?

“ቢሆን ኖሮ” የሚባለውን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ከማይሰለቻቸው ጥያቄዎች አንዱ የሩሲያ የ1988 ዓ.ም. ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ነው። ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች አምስት ዓመት አልሞላም። ሰኔ 9 በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ቦሪስ የልሲን 35 በመቶ፣ የኮሚኒስቱ እጩ ጌናዲ ዚዩጋኖቭ 32 በመቶ አገኙ። በሁለቱ ዙሮች መካከል የልሲን የልብ ሕመም ጣላቸው፤ ለሕዝብ ግን አልተነገረም። ሰኔ 26 የልሲን 54 ለ40 አሸነፉ። ሕመሙ ቢሰማስ ኖሮ?

ነገሩ እንደሚመስለው ባዶ ምናብ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ሞልዶቫ ውስጥ ኮሚኒስቶች ከ101 የፓርላማ ወንበር 71ዱን በምርጫ ወስደው ቭላዲሚር ቮሮኒንን ፕሬዚዳንት አደረጉ። ስምንት ዓመት ገዙ። ሶቭየት ግን አልተመለሰችም፤ ጭራሽ ቮሮኒን ኋላ ላይ ፊታቸውን ወደ አውሮፓ አዞሩ። ስለዚህ ማን አሸነፈ የሚለው ብቻውን ብዙም አይነግረንም።

እኛ ጋ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይገለበጣል። ገዢው ኢሠፓ ማርክሲስት፣ ሸማቂውም ማርክሲስት ነበር። በ1977 ሕወሓት ውስጥ የተመሠረተው ማሌሊት ደርግን የሚከሰው “ኮሚኒስት ነህ” ብሎ ሳይሆን “የምርህን አይደለህም” ብሎ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ሌላ አማራጭ ማን አቀረበለት?

የካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ያኔ ጉና ተራራና ደብረ ታቦር ዙሪያ፣ ማለትም ጋይንትና እስቴ አፍንጫ ሥር፣ ጦርነቱ ይጋጋል ነበር። በየአገሩ ያለው ገበሬ አዋጁን እንደሰማ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱን በሳምንታት ውስጥ አፍርሶ መሬቱን ተካፈለ። የምርጫ ካርድ ሳይሰጠው መልሱን ሰጠ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልፈረሰም። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ፣ አዲስ ስሪት ሲወጣ ከሥር ሳይነካ የቀረውን መስመር መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። እዚህ ያ መስመር መሬት ነው። ከ1967 በፊት በነዚህ አገሮች ገበሬው በአባትም በእናትም ዘር ቆጥሮ ርስት ይጠይቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ መሸጥና መለወጥን ከለከለ። ደርግ ወደቀ፣ ሶቭየት ፈረሰች፣ ኢሕአዴግ ነጭ ካፒታሊዝምን ተቀበልኩ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን ያንኑ ደገመው፦ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

እንዲያውም ዚዩጋኖቭ በተሸነፉ ማግስት፣ በ1989 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም የነበረ ሰው “ቢሮክራሲ” ተብሎ ይዞታው ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነበት፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ከጎጃም አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ሞስኮ ላይ ተሸነፈ የተባለው ሐሳብ እዚህ ገመድ ይዞ ማሳ ይለካ ነበር።

ለኔ የኛ ትልቁ “ቢሆን ኖሮ” ይኸ ነው፦ በ1977ቱ ረሃብ መሬት የሚሸጥ ቢሆንስ? እንደኔ ግምት የታች ጋይንትና የስማዳ ቆላ ሰው ማሳውን በጥቂት ቁና እህል ይለቅ ነበር፤ የገዛው ነጋዴ ልጆች ዛሬ ባለመሬት ይሆኑ ነበር። የመንግሥትም ክርክር ይኸው ነው፣ ውሸትም አይደለም። ግን መሬቱ ሳይሸጥም ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት እርዳታ ከሚኖሩት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ከድልድሉ በኋላ የተወለደው ወጣት ከአባቱ ላይ ተቀንሶ ካልሆነ የሚደርሰው ማሳ የለም። በሰሊጥ ወቅት መተማና ሁመራ ወርዶ ይሠራል። ይዞታ ያለው ደግሞ ከተማ ገብቶ ብዙ ከቆየ እንዳይነጠቅ እየሰጋ፣ ሸጦም መሄድ ሳይችል፣ ለክረምቱ እርሻ ይመለሳል።