የስሞች መዝገብ

በቤት ውስጥ የተዘረጋው መረብ ደኅና ሆኖ፣ የራውተሩም መብራት ሳያቋርጥ እየበራ፣ በሩቅ ያለ ኮምፒዩተር በስሙ ሲጠሩት ዝም ብሎ በቁጥር አድራሻው ሲጠሩት ግን አቤት የሚል ከሆነ፣ የታመመው መንገዱ ሳይሆን ስምን ወደ ኍልቍ የሚፈታው መዝገብ ነው፤ የዚህንም ደዌ ጥንተ ነገር ማወቅ የሚሻ ሰው በካሊፎርኒያ ወደምትገኘው ወደ መንሎ ፓርክ በኅሊናው መጓዝ ይገባዋል።

የኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት በ1969 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአራት ጣቢያዎች ከተጀመረ በኋላ፣ በዚያች ከተማ በነበረው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኋላ ኤስ.አር.አይ. በተባለው፣ የኮምፒዩተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር የሚሰፍርበት ሆስትስ የተባለ አንድ መዝገብ ይጠበቅ ነበር። ከ1972 እስከ 1989 የመረጃ ማዕከሉን የመሩት ኤሊዛቤት ፋይንለር ነበሩ፤ አዲስ ኮምፒዩተር ያቆመ ሁሉ ለእርሳቸው ቢሮ ያስታውቃል፣ መዝጋቢዎቹ ይጽፋሉ፣ ጣቢያዎቹም ቅጂውን እየገለበጡ ይወስዳሉ። ማሽን የሠሩት ሊቃውንት በሰፊው ሲወደሱ ስም በትጋት የጠበቁት ጥቂት ብቻ መታወሳቸው ያሳዝነኛል፤ ያለ እነርሱ መዝገብ ማንም ማንን በስሙ ጠርቶ ባላገኘ ነበርና።

ነገር ግን ኮምፒዩተሩ እየበዛ ሲሄድ መዝገቡ ገዘፈ፤ ቅጂውም ወደ ሩቅ ጣቢያ እስኪደርስ ያረጅ ጀመር። በዚህ ጊዜ ተመራማሪው ጆን ፖስቴል፣ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ አምስት ሐሳቦችን እንዲያስታርቅ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቋም ለሚሠራው ለፖል ሞካፔትሪስ አደራ ቢሰጠው፣ እርሱ ማስታረቁን ትቶ አዲስ ሥርዓት ወጠነ፤ ይህንም በኅዳር 1983 ቁጥራቸው 882 እና 883 በሆኑ ሁለት ጽሑፎች ገለጠው። አንዱ መዝገብ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ምእመናን እንደሚመዘግብ፣ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ስሞች እንዲጠብቅ፣ ከሥር መሠረቱ ጀምሮም አንዱ ሌላውን እያመለከተ ጠያቂውን እንዲያደርስ ሆነ። አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ ይደገም? ስለዚህ መልሱ በተወሰነ ሴኮንድ ልክ፣ ብዙ ጊዜ 86,400 ማለትም አንድ ሙሉ ቀን፣ በጠያቂው ዘንድ ታስቦ እንዲቆይ ተፈቀደ። የስሙ ባለቤት ቁጥሩን ሲለውጥ ቤታችን አሮጌውን መልስ ይዞ የሚጠብቀው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ብዙ ጊዜም በትዕግሥት ወይም ራውተሩን አጥፍቶ በማብራት ይድናል።

የመንሎ ፓርኩ መዝገብ ግን ፈጽሞ አልሞተም። በእያንዳንዳችን ኮምፒዩተር ውስጥ ሆስትስ የተባለ ትንሽ ፋይል እስከ ዛሬ አለ፤ ኮምፒዩተሩም ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ሳይጠይቅ አስቀድሞ እርሱን ያነባል። እኔም አንድ ኮምፒዩተር በስሙ ብጠራው ዝም ቢለኝ፣ ራውተሩን ደጋግሜ ካጠፋሁና ካበራሁ፣ የስም ፈቺውንም አገልግሎት ከለወጥሁ በኋላ፣ የዝምታውን ምክንያት ያገኘሁት በዚያ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ ሙከራ በገዛ እጄ የጻፍኋት አንዲት መስመር ዛሬ የሌለ ቁጥር ይዛ ትጠብቅ ነበር። መስመሯን ሰርዤ ስሙን ብጠራው፣ አቤት አለኝ።