ቶሌዶ ከነዘመኗ ትነገር

ቶሌዶ ከማድሪድ በስተ ደቡብ፣ የታሆ ወንዝ በሦስት ጎን በከበበው ዓለታማ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት የስፔን ከተማ ናት። ተማሪዎችን አስከትለው በጠባብና ዳገታማ መንገዶቿ የሚዘልቁ አስጎብኚዎች «የሦስቱ ባህሎች ከተማ» ይሏታል። ክርስቲያን፣ ሙስሊምና አይሁድ አብረው ኖረውባታልና ስያሜው ሐሰት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። መስጊድ፣ ምኩራብና ካቴድራል በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ተከታትሎ የሚያይ ተማሪ፣ ሦስቱ በአንድ ዘመን እኩል ክብር ይዘው የቆሙ ይመስለዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሕንፃ ደጃፍ ሦስት ጥያቄዎች ሊነሡ ይገባል፤ ማን ሠራው? በማን ፈቃድ? መቼስ ወደ ማን እጅ ገባ? ተማሪው አብሮ መኖር በምን ጸንቶ በምን እንደፈረሰ የሚረዳው እነዚህ ሲመለሱለት ነው።

በሰሜኑ የከተማዋ ክፍል የሚገኘውን ትንሹን ክሪስቶ ዴ ላ ሉስን እንውሰድ። በግንባሩ ላይ በጡብ የተቀረጸው የዓረብኛ ጽሑፍ በ390 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ999 ገደማ በመስጊድነት መሠራቱን ይመሰክራል። የካስቲላው ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ከተማዋን የያዘው በ1085 ሲሆን፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆነና መቅደስ ተቀጠለለት። ቅጥያው የተሠራው ግን በዚያው በቀደሙት የሙስሊም ግንበኞች የጡብ ጥበብ ነው። ወደ መሀል ከተማ ሲዘለቅ የሚገኘው ካቴድራል ደግሞ ዋናው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ያረፈ ነው። ዜና መዋዕሎች እንደሚሉት ከተማዋ እጅ ስትሰጥ መስጊዱ ለሙስሊሞቹ እንዲቀር ቃል ተገብቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተወሰደ። የዛሬው ካቴድራል መሠረት የተጣለው በ1226 ነው። የአሸናፊው ኃይልና የተሸናፊው ጥበብ በአንድ ግንብ ላይ አብረው ይታያሉ፤ አንዱን ብቻ መናገር ሌላውን መደበቅ ነው።

አብሮ መኖሩ ተረት ነው የሚሉም አሉ። በስፔን ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ክርክሩ የቆየ ነው፤ አሜሪኮ ካስትሮ በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ስፔን የተገኘችው ከሦስቱ ወገኖች የጋራ ኑሮ ነው ሲል፣ ክላውዲዮ ሳንቼስ አልቦርኖስ በ1956 አጥብቆ ተቃወመው። የቶሌዶ ማስረጃዎች ግን ሁሉም ነገር ጠብ ብቻ ነበር የሚለውን አያጸኑም። የከተማዋ ነባር ክርስቲያኖች፣ ሞሳራቦች የሚባሉት፣ ከ1085 በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ የቤትና የመሬት ሽያጭ ውላቸውን በዓረብኛ ይጽፉ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን ከጣሊያን የመጣው የክሬሞናው ጄራርድ የፕቶሎሚን አልማጌስትና የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ላቲን የመለሰው እዚሁ ነው፤ ዓረብኛ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ረድቶታል። በ13ኛው መቶ ዘመን በአልፎንሶ 10ኛ ዘመን የተዘጋጁትን የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦች ያሰናዱት ይሁዳ ቤን ሞሼና ይስሐቅ ቤን ሲድ የተባሉ አይሁድ ሊቃውንት ነበሩ። ይህን ሁሉ ጠላትነት ብቻ ሊያስረዳው አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህ ኑሮ የተደገፈው በእኩል ሕግ ሳይሆን በቤተ መንግሥት ጥበቃ ነበር። ለዚህ ከኤል ትራንሲቶ ምኩራብ የበለጠ ምስክር የለም። በ1357 ገደማ ያሠራው የንጉሥ ፔድሮ 1ኛ ገንዘብ ያዥ ሳሙኤል ሃሌቪ ነው። በግድግዳው ላይ የዕብራይስጥ መዝሙራት፣ የዓረብኛ ጽሑፍና የካስቲላ መንግሥት ዓርማ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ የሙስሊም አገዛዝ ካበቃ ከ270 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አስጎብኚው እዚህ ላይ ቢያቆም ተማሪው ተደስቶ ይወጣል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። በ1360 ያው ንጉሥ ሳሙኤልን አሳሰረው፤ ባለሟሉም ተሠቃይቶ በእስር ቤት ሞተ። በ1391 የአይሁድ ሰፈሮች በቶሌዶም በሌሎች የስፔን ከተሞችም ተመቱ። በ1449 የግብር ጥያቄ ባስነሣው ዓመፅ የዓመፁ መሪ የፔሮ ሳርሚየንቶ ተከታዮች፣ የአይሁድ ዘር ያላቸው ክርስቲያኖች ከከተማዋ ሹመት እንዲወገዱ ደነገጉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒኮላስ 5ኛ በዚያው ዓመት ድርጊቱን ቢያወግዙትም፣ የቶሌዶ ካቴድራል ራሱ በ1547 ተመሳሳይ የዘር ደንብ አጸና። በ1492 አይሁድ «ተጠመቁ ወይም ውጡ» ተባሉ፤ በ1502 ተመሳሳይ ትእዛዝ በካስቲላ ሙስሊሞች ላይ ወጣ። የሚጠብቃቸው ንጉሥ አሳዳጃቸው ሲሆን የሚታደጋቸው ሌላ ሕግ አልነበረም።

ወጣቶች ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ ያስፈልጋቸዋል፣ የግድያና የስደት ዝርዝር ምን ይጠቅማቸዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ቀና ሐሳብ ነው። ግን ዓመተ ምሕረትን በመሸሸግ የተገነባ ተስፋ ተማሪው የመጀመሪያውን የታሪክ መጽሐፍ ሲከፍት ይናዳል፤ አስተማሪውንም ከዚያ ወዲያ አያምነውም። ከነውድቀቱ የሰማው ግን መቻቻል በራሱ የሚጸና ነገር አለመሆኑንና ሕግ እንደሚያሻው ይማራል። ጊዜ አይበቃም የሚለውም ብርቱ ምክንያት አይደለም። አሮጌው ከተማ ትንሽ ነው፤ ከሰሜኑ መስጊድ ተነሥቶ፣ በካቴድራሉ በኩል አድርጎ፣ በምዕራብ ወዳለው የአይሁድ ሰፈር የሚወስደው መንገድ ከሞላ ጎደል የዘመናቱን ቅደም ተከተል ይከተላል። መጨረሻውን የካቶሊክ ነገሥታቱ ፈርዲናንድና ኢሳቤላ ባሠሩት በሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬዬስ ገዳም ማድረግ ይቻላል፤ በውጭ ግድግዳው ላይ ከግራናዳ ነፃ የወጡ ክርስቲያን ምርኮኞች ሰንሰለት ተሰቅሏል።

ስለዚህ ተማሪ ይዛችሁ ወደ ቶሌዶ የምትሄዱ መምህራንና አስጎብኚዎች፣ የሦስቱን ባህሎች ስም መጥራቱን አትተዉ። ነገር ግን በየሕንፃው ደጃፍ የሠሪውን ስም፣ የወሰደውን ስምና ዓመቱን አብራችሁ ንገሩ። ይህን የሰማ ተማሪ በገዛ አገሩ የጎረቤቱ መብት በሕግ ይጠበቅ ወይስ በአንድ ገዥ በጎ ፈቃድ ይደገፍ እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራል፤ የጉብኝቱም ዋጋ ይኸው ነው።