ካፌይን የሌለው የማታ ሻይ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ካፌይን የሌለው የማታ ሻይ ከሻይ ተክልም ሆነ ከቡና ተክል ምንም ነገር ያልገባበት፣ ከቅጠላ ቅጠል፣ ከአበባ፣ ከሥር ወይም ከቅመም ብቻ ተፈልቶ ከእራት በኋላ የሚጠጣ ትኩስ መጠጥ ነው። በአዳማ (ናዝሬት)፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ ማታ ማታ በብዛት የሚቀዳው ግን በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በሄል የፈላ ጥቁር ሻይ ነው። ለዚህ ሻይ ምትክ የሚሆኑት ዕፅዋት ሲወደሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እንቅልፍ ያመጣሉ የሚለው ነው። ማስረጃው ሲመረመር የውዳሴው ደካማ ክፍል ይኸው ሆኖ ይገኛል። ጠንካራው ክፍል ከሰውነት የሚያርቁት ነገር ነው፤ በሌላው አገር የሚያርቁት ካፌይንን ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድም ይጨመርበታል።

ሰው ነቅቶ በዋለ ቁጥር አእምሮው ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ድካሙ እዚያው እንዳለ ስሜቱ ብቻ ይታፈናል። በጤናማ አዋቂ ደም ውስጥ ያለ ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ግን እስከ 15 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከተጠጣ ሻይ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ካፌይን እኩለ ሌሊት ላይም ገና ሥራ ላይ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ እንዳሳጠረ አሳይቷል። መጠኑ ከፍተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ትልቅ ኩባያ ጥቁር ሻይ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። «እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚል ሰውም አይጠፋም። ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበት ፍጥነት በዘር ስለሚለያይና ልማድም ስለሚያላምድ አባባሉ ውሸት አይደለም። ሆኖም ቶሎ መተኛትና ጥልቅ እንቅልፍ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ካፌይን የሚቀንሰው ጥልቁን ክፍል ነው፤ ተኝቶ ያደረ ሰው ደግሞ ይህን በራሱ ሊለካ አይችልም።

ለማታ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቀለል ያለ መጠጥ ሁሉ ካፌይን የለውም ብሎ ሲያስብ ነው። በሐረርጌ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁቲም ሆነ ከቡና ገለባ በወተት የሚዘጋጀው ሆጃ ካፌይን አላቸው። ቡናና ሻይ ተደራርቦ የሚቀርብበት ስፕሪስ ከሁለቱም ይወስዳል። አረንጓዴ ሻይ ከጥቁሩ ጋር የአንድ ተክል ቅጠል ነው። በሎሚ ወይም በዝንጅብል ጣዕም የታሸገ ሻይም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ካልተነበበ በስተቀር መሠረቱ ጥቁር ሻይ እንደሆነ አይታወቅም፤ ካፌ ውስጥ የዝንጅብል ሻይ የሚያዝ ሰውም ሻይ ቅጠል እንዳይገባበት ቢናገር ይሻለዋል። የመጀመሪያውን ውሃ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መድፋት ካፌይኑን ያስወግዳል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ካፌይን ከቅጠሉ ለመውጣት ደቂቃዎች ስለሚፈልግ አብዛኛው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ካፌይኑ የወጣለት ቡናም ጥቂት ሚሊግራም ይቀረዋል። የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአረቢካ ዘር ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ የቡና ዛፎች ማግኘታቸውን በ2004 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አሳውቀው ነበር፤ በየቤቱ ጀበና ውስጥ የሚገባው ቡና ግን ዛሬም ካፌይኑን እንደያዘ ነው።

ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፍሎራይድ ነው። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ውጤቱ በበለዘ ጥርስ አላበቃም፤ ለረጅም ዓመታት ውሃውን የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ ጎብጠዋል። የሻይ ተክል ደግሞ ፍሎራይድን ከአፈር እየሳበ በተለይ በአሮጌ ቅጠሎቹ ውስጥ ያከማቻል፤ በንጹሕ ውሃ የፈላ ሻይ እንኳ ብዙ ጊዜ በሊትር ከ1 ሚሊግራም ያላነሰ ፍሎራይድ ይይዛል። ችግር ባለበት ውሃ ሲፈላ የቅጠሉ ፍሎራይድ በውሃው ላይ ይደመራል። ናና፣ ጠጅ ሳር ወይም ዝንጅብል በራሳቸው የሚጨምሩት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጉዳቱ የጉድጓዱ እስከሆነ ድረስ ቅጠል መቀየር ምን ይፈይዳል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል፤ ተገቢም ነው። ቅጠል መቀየር ውሃን አያጠራም። ማፍላትም ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያከረዋል፤ ሲንተከተክ ያመሸ ማንቆርቆሪያ መጥፎ የሚሆነው ለዚህ ነው። የዝናብ ወይም የተጣራ የወንዝ ውሃ ያገኘ ቤት ለማታ ሻይ ይህንኑ ቢያውል ይመረጣል። ያላገኘው ቤት ግን ቢያንስ ሁለተኛውን ምንጭ መዝጋት ይችላል። በዳቦ ሻይ ለሚሰጣቸው ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ነውና እስከ 8 ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ ከሁሉ ይበልጥ መጠበቅ አለበት።

ምን ይመረጥ ለሚለው፣ ለዘወትር ማታ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡት ጠጅ ሳርና ናና ናቸው። ሁለቱም ውሃ ካገኙ በአዳማ ሙቀት በግቢና በቆርቆሮ መደብ ይበቅላሉ፤ ከሻሸመኔ አጠገብ የሚገኘው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማና መድኃኒታማ ዕፅዋት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ናና ግን ቃር ለሚያስቸግረው ሰው አይመከርም፤ የጨጓራን አፍ ያላላል። ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በቀን 3 ኩባያ ለ6 ሳምንት የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በ7 ነጥብ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚህ ምክንያት የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የየማታ ልማድ ሊያደርገው አይገባም። የለውዝ ሻይ ሻይ ቅጠል ካልገባበት ካፌይን የለውም፤ ነገር ግን ስቡ ብዙ ስለሆነ እራት ላይ እራት ይሆናል። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ የተለመደ ቢሆንም እንደ ሻይ በብዛት ተፈልቶ መጠጣት የለበትም፤ ማህፀንን ስለሚያነቃቃ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ዳማከሴም ለምች የሚጨመቅ መድኃኒት ነው፣ በመድኃኒትነቱ ቢቆይ ይሻላል።

እነዚህ ዕፅዋት በእርግጥ ያስተኛሉ ወይ? ብዙ የተመረመረው ካሞሚል የሚባለው አበባ ሲሆን የተገኘው ውጤት መለስተኛና የተደባለቀ ነው። ስለ ጠጅ ሳርና ስለ ጦስኝ የሚነገረው ማረጋጋት በአብዛኛው የቆመው በልማድና በእንስሳት ሙከራ ላይ ነው። ይህ ግን ምርጫውን አያፈርሰውም፤ እንቅልፍ ባያመጡም እንቅልፍ አይከለክሉም፤ ለማታ መጠጥ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ጫት ቅሞ ለዋለ ሰው ደግሞ ያነቃው ካቲኖን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ስለሆነ የትኛውም ቅጠል አይፈታውም። አንዳንዶቹ ከጥቁር ሻይ የማይሻሉበት ነገርም አለ፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ጥቁር ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረት ማዕድንን ወደ ሰውነት መግባት ከ79 እስከ 94 በመቶ ሲቀንስ ናና 84 በመቶ፣ ካሞሚል 47 በመቶ እንደቀነሱ አግኝቷል። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባት ሴት ከእራት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ብትጠጣ ይበጃታል።

አዘገጃጀቱ እንደ ተክሉ ይለያያል። ለስላሳ ቅጠሎች መዓዛቸው በእንፋሎት ስለሚሄድ ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ተጨምረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተከድነው ይቆያሉ። ዝንጅብልና ቀረፋ ግን መፍላት አለባቸው፤ በአዳማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለ ቦታ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። የማታው ሻይ የቡናውን ወግ ያፈርሳል ብሎ የሚሰጋም አለ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ከቀትር በኋላ ተጠጥተው ቢያልቁ ግን ማታ ያው ጎረቤት በዚያው ስኒ ጠጅ ሳር ከመጠጣት የሚያግደው የለም። ጦስኝን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወደ ስምጥ ሸለቆ ገበያ የሚወርደው ከደጋ፣ በብዛትም ከዱር እየተለቀመ ነው፤ ከነሥሩ ሲነቀል ደግሞ አይተካም። ጦስኝ ለጉንፋን ሰሞን ተቀምጦ የየማታው ሻይ በግቢ ከበቀለው ቢሆን ለተራራውም ለኪስም ይቀላል።