የወታደር የራስ ቁር በኢትዮጵያ፦ ታሪኩ፣ ዓይነቶቹ እና በድሬዳዋ በየቤቱ የሚገኙ አሮጌ ቁሮች አያያዝ

የራስ ቁር ወታደርን ጭንቅላቱ ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚከላከል ትጥቅ ሲሆን፣ በተለምዶ «የብረት ቆብ» ይባላል። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው የባቡር መስመር ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ባለፈው ምዕተ ዓመት የበርካታ ሠራዊቶች መተላለፊያ ሆና አልፋለች። ስለዚህም ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ የብረት ቆብ በእጁ ያለ ነዋሪ ዕቃው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለቁራሌው በኪሎ ሊሸጠው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቁሩ የመጣበትን ዘመን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶችንና ባለይዞታው ሊከተለው የሚገባውን አሠራር ያስረዳል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦረኛ የብረት ቁር አልነበረውም። መከላከያው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራው ጋሻ ነበር። ጀግና በራሱ ላይ የሚያደርገው የአንበሳ ጎፈር የክብርና የጀብዱ ምልክት እንጂ ከጥይት የሚያድን ትጥቅ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የዘመተው ሠራዊትም በዚሁ ሁኔታ ተዋግቶ ድል አድርጓል።

የዘመናዊው ቁር መነሻ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በምሽግ ውስጥ የሚዋጉ ወታደሮችን በብዛት ይገድል የነበረው ከላይ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ፍንጣሪ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ፈረንሳይ አድሪያን የተባለውን ቀላል ቁር፣ ብሪታንያ ደግሞ ሰፊ ክፈፍ ያለውንና ሳህን የሚመስለውን የብሮዲ ቁር ለወታደሮቻቸው ማደል ጀመሩ። ጀርመን በ1916 ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍነውን ከባድ ቁር አወጣች። የጀርመን አጋር የነበረችው ቡልጋሪያ በዚያ ጦርነት የጀርመኑን ቁር ስትጠቀም ቆይታ በ1936 የራሷን ዓይነት ይዛ ቀርባለች። የሁሉም ዓላማ ፍንጣሪን መመከት ነበር። ከቅርብ ርቀት የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይትን ያቆማል ተብሎ የተሠራ አንድም አልነበረም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው።

በኢትዮጵያ የክብር ዘበኛ ጦር ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በቤልጂግ መኮንኖች መሠልጠን ቢጀምርም፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተሰለፈው ሠራዊት አብዛኛው ያለ ብረት ቁር፣ ብዙውም ባዶ እግሩን ነበር። ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ይወርድበት ለነበረ ጦር የዚህ ትጥቅ መጓደል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1934 የተቀበለው «ኤም 33» የተባለ የብረት ቁር ነበረው፤ ሆኖም በሙቀቱ ምክንያት በኢትዮጵያ የዘመቱት ጣሊያናውያን በብዛት የቡሽ ባርኔጣ፣ አስካሪዎቹም ታርቡሽ ያደርጉ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው የብሮዲ ዓይነት ቁር በስተኋላ ክፈፉ ላይ ባሉት ሦስት ቀዳዳዎች ይታወቃል።

ከሁሉ ይልቅ ከኢትዮጵያውያን ስም ጋር የተቆራኘው ግን የአሜሪካው «ኤም 1» ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ በዚሁ የድሬዳዋ መስመር ወደ ጅቡቲ ከወረደ በኋላ፣ ጄኔራል ማክሬ በተባለችው መርከብ ተጉዞ ሚያዝያ 28 ቀን ኮሪያ ፑሳን ደረሰ። በዚያም የአሜሪካን ትጥቅ ተቀብሎና ሥልጠና ወስዶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። «ኤም 1» ሁለት አካላት አሉት፤ ውጫዊው ከማንጋኒዝ ጋር ከተዋሐደ አረብ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ ውስጠኛው ከራስ ጋር የሚገጥም ቀላል ቆብ ነው። ሁለቱ ስለሚለያዩ ወታደሮች የብረቱን ክፍል ለመታጠቢያ፣ ውሃ ለመቅጃ፣ ሲያስፈልግም ለመቆፈሪያ ይጠቀሙበት ነበር። እሳት ላይ መጣድ ብረቱን በቀላሉ ተሰባሪ ስለሚያደርገው ክልክል ቢሆንም ቀዝቃዛው የኮሪያ ክረምት ክልከላውን ብዙም አላስከበረም። ከቃኘው ዘማቾች 121 ሲሰዉ 536 ቆስለዋል፤ አንድም ምርኮኛ አልተያዘባቸውም።

በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ትጥቅ በሠራዊቱ ዘንድ ተስፋፋ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኮንጎ የተላኩት ወታደሮች ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ መለያ አደረጉ። የዚህ ቀለም አመጣጥ አጋጣሚ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1956 ለስዊዝ ቀውስ የተላከው ኃይል ሰማያዊ ቆብ ቢያስፈልገውም በቶሎ ማሰፋት ስላልተቻለ፣ የ«ኤም 1» የውስጥ ቆብ ሰማያዊ ቀለም ተረጭቶ ታደለ።

በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ሲቋረጥና በነሐሴ ወር የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲያጠቃ ሠራዊቱ አቅራቢውን በመለወጥ ላይ ነበር። ከተማዋ አልተያዘችም። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ትጥቁ ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ ይመጣ ጀመር። የሶቪየት ቁር አንድ ወጥ ብረት ሆኖ የውስጥ ልብሱ በሪቬት የተያያዘበት ነው፤ እንደ «ኤም 1» ተለያይቶ ለሌላ አገልግሎት አይውልም። ዛሬ በዓለም ሠራዊቶች ዘንድ አረብ ብረት ቦታውን ኬቭላር ለተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለቋል፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠናው ይህ ቁስ ከብረቱ ክብደት ብዙም ሳይርቅ ፍንጣሪን በተሻለ ይመክታል።

አሮጌ ቁር በእጁ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ዓይነቱን ይለይ። የ«ኤም 1» ጠርዝ ላይ መጋጠሚያ ይታያል፤ ቀደም ያሉት ከፊት፣ ከ1944 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ወዲህ የተሠሩት ከኋላ። ከጠርዙ ከፍ ብለው ዙሪያውን የተደረደሩ ስድስት ሪቬቶች በ1940 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሶቪየት ቁር ያመለክታሉ። በውስጥ ቆዳው ወይም በማሰሪያው ላይ የተጻፈ ስም፣ ቁጥር ወይም የክፍል ምልክት ካለ ከብረቱ ይልቅ ዋጋ ያለው እርሱ ስለሆነ መፋቅም ሆነ ቀለም መቀባት አይገባም። ቁሩ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ፤ በውሃ መታጠብ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን ቅርሶች የሚመለከት ሲሆን፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አንድ ቁር ቅርስ ስለመሆኑ የሚወስኑት ባለሙያዎች ናቸው። በመሆኑም በውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ ለመላክ ወይም ለጎብኚ ለመሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ማሳየት ይኖርበታል። ማሳየት ማስረከብ አይደለም፤ አዋጁ ቅርስን በግል መያዝን ይፈቅዳል። የዘማቹ ፎቶግራፍ፣ ሜዳሊያ ወይም የምስክር ወረቀት ካለ አብሮ ቢቀርብ የቁሩን ታሪክ ለማረጋገጥ ያግዛል።

ለቤት መሠረት ወይም ለመንገድ ሲቆፈር ቁር ከተገኘ ቁፋሮው ቆሞ ለፖሊስ ሊነገር ይገባል። ቁር በተቀበረበት ቦታ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ አብሮ ሊኖር ስለሚችል ዕቃውን ማንሳትም ሆነ ዙሪያውን መነካካት አይፈቀድም።

በከተማዋ አንዳንድ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የወታደር ቁር ለሞተር ሳይክል ይሆናል ወይ የሚል። አይሆንም። የወታደር የብረት ቁር የተሠራው ለፍንጣሪ ነው፤ በውስጡ የግጭትን ኃይል የሚያለዝብ ወፍራም ፎም ስለሌለው አስፋልት ላይ የወደቀ አሽከርካሪን ጭንቅላት አያድንም።